በ64 ኪሎባይት ውስጥ የተጻፈ ማርሽ

በ1980ዎቹ አጋማሽ ቶኪዮ ውስጥ ኤኒክስ ለተባለ የኮምፒዩተር ጨዋታ አሳታሚ አንዲት የአስተያየት ፖስት ካርድ ደረሰችው። እንዲህ ያሉት ካርዶች በየጨዋታው ሳጥን ውስጥ ተከተው ይሸጡ ነበር፤ ገዢው ስለ ጨዋታው የወደደውንና የጠላውን ሞልቶ ይልካል። ላኪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተማሪዎች ናቸው። ይህችኛዋ ግን ሃምሳውን ካለፉ ሰው የመጣች ናት። ስለ አንድ የሾጊ ጨዋታ፣ ቼስ ስለሚመስለው የጃፓኖች የሰሌዳ ጨዋታ፣ በዝርዝር ትተቻለች። የላኪው ስም ሱጊያማ ኮይቺ ይላል። የቢሮው ሰዎች ስሙን ከቴሌቪዥንና ከሸክላ ሽፋን ያውቁታል፤ እውነት እሳቸው ናቸው ወይስ ሞክሼ ብለው ተጠራጠሩ። ደውለው ሲጠይቁ እሳቸው ሆነው ተገኙ።

ይህን ታሪክ ሱጊያማም የኤኒክስ ሰዎችም ኋላ በየቃለ መጠይቁ ደጋግመው ተርከውታል። ተደጋግሞ የተነገረ ነገር ማጌጡ አይቀርም። ካርዷ ተሞልታ ጠረጴዛ ላይ ተረስታ ሳለች ፖስታ ቤት ያደረሷት ባለቤታቸው ናቸው የሚለው ለምሳሌ ለተራኪ የሚመች ጌጥ ነው። ዋናው ግን አያከራክርም፤ የጨዋታ ኩባንያው ሙዚቀኛ ፍለጋ አልወጣም፣ ሙዚቀኛው ራሳቸው ተጫዋች ሆነው መጡ። ከዚያች ካርድ የተነሳው ግንኙነት ድራጎን ኩዌስት ለተባለው ተከታታይ ጨዋታ ከ1986 እስከ 2021 ድረስ የዘለቀ ሙዚቃ ወለደ። (ዓመታቱ ሁሉ እዚህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ሙዚቃ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የሚነሳው ከኦርኬስትራው ነው። የለንደን ፊልሃርሞኒክ ቀርጾታል፣ የኤን ኤች ኬ ሲምፎኒ ተጫውቶታል፣ ስለዚህ ይህ በጨዋታ መሣሪያ ውስጥ ታፍኖ የነበረ ክላሲካል ሙዚቃ ነው ይባላል። የአልበሞቹ ርዕስም ይህንኑ ያጠናክራል፤ “ሲምፎኒያዊ ስብስብ” የሚል ነው። የዘመኑን መዝገብ በቅደም ተከተል ያየ ሰው ግን ሌላ መልክ ያገኛል። የድራጎን ኩዌስት ዜማ የተጻፈበት ጥበብ የኮንሰርት አዳራሽ ጥበብ ሳይሆን የቴሌቪዥን ጣቢያና የማስታወቂያ ስቱዲዮ ጥበብ ነው። አዳራሹ የመጣው ኋላ ነው።

ሱጊያማ በ1931 ቶኪዮ ተወለዱ። ሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት ይፈልጉ ነበር፤ ፒያኖ መጫወት ስለማይችሉ ግን ያ በር ተዘጋባቸው። ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የትምህርት ሥነ ልቦና አጠኑ፤ የሙዚቃ ቅንብርን ያወቁት በራሳቸው ጥረት ነው። በ1956 ሬዲዮ ጣቢያ ተቀጠሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሥርጭት ሊጀምር በመዘጋጀት ላይ ወደነበረው ፉጂ ቴሌቪዥን ተሻገሩ። እዚያም በ1959 “ሂት ፓሬድ” የተባለውን የሙዚቃ ፕሮግራም በዳይሬክተርነት መሩ። በየሳምንቱ የሰሞኑን ዘፈኖች በቀጥታ ሥርጭት የሚያሳይ ዝግጅት ነበር። ሥራው ሰዓት የሚያሳድድ ነው፤ ዘፋኝ ቢዘገይ፣ ካሜራ ቢሳሳት፣ ሙዚቃው በሰከንድ ተለክቶ ማለቅ አለበት።

ከጣቢያው ከወጡ በኋላ ኑሯቸው ዜማ መጻፍ ሆነ። መንትዮቹ እህትማማቾች “ዘ ፒናትስ” በ1967 የዘፈኑትን “ኮይ ኖ ፉጋ” የጻፉት እሳቸው ናቸው። ጃፓን ውስጥ የወጣቶች የጊታር ባንድ እንደ አሸን በፈላበት በዚያው ዘመን ከሁሉ ለገነነው “ዘ ታይገርስ” ተከታታይ ዜማዎችን ሰጥተዋል። በ1971 የቴሌቪዥኑ ጀግና ኡልትራማን ሲመለስ የመክፈቻ መዝሙሩ የእሳቸው ነው፤ በ1980 የካርቱን ተከታታዩን የ“ኢዴኦን”ን ሙዚቃ ሠርተዋል። በዚህ ሁሉ መካከል ደግሞ ብዙ የማስታወቂያ ዜማ አለ። የማስታወቂያ ዜማ ጠባዩ ይታወቃል፦ አጭር ነው፣ በቀን ብዙ ጊዜ ይሰማል፣ ሰሚው ሳይፈልገው ይሰማዋል፣ ሆኖም እንዳይሰለቸው ያስፈልጋል። ሱጊያማ ስለ ጨዋታ ሙዚቃ ሲጠየቁ ዋና መለኪያ አድርገው ያነሱት የነበረው ይህንኑ ነው፤ ስንት ጊዜ ቢሰማ የማይሰለች።

ለጨዋታው ዓለም ሲመጡ ሜዳው ባዶ አልነበረም። በ1978 የወጣው “ስፔስ ኢንቬደርስ” አራት ብቻ የሆኑ ወደታች የሚወርዱ ድምፆች ነበሩት፤ ጠላቶቹ እያለቁ ሲሄዱ ድምፆቹ እየፈጠኑ የተጫዋቹን ልብ ያስመቱ ነበር። በ1984 የየሎው ማጂክ ኦርኬስትራው ሆሶኖ ሃሩኦሚ የናምኮ ኩባንያን የጨዋታ ድምፆች ሰብስቦ በሸክላ አሳተመ፤ የጨዋታ ሙዚቃ ለብቻው ተገዝቶ የሚሰማ ነገር መሆን ጀመረ። በ1985 ኮንዶ ኮጂ ለሱፐር ማሪዮ የጻፈው ዜማ ተከተለ። ይህ ዜማ በ2023 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በብሔራዊ የድምፅ ቅርስ መዝገብ ያሰፈረው የመጀመሪያው የቪዲዮ ጌም ሙዚቃ ሆኗል። ስለዚህ ሱጊያማን የጨዋታ ሙዚቃ አባት ብሎ መጥራት ከመዝገቡ ጋር አይስማማም። አዲሱ ነገር ሌላ ነበር፦ በመደበኛው የሙዚቃ ገበያ ስሙ የታወቀ፣ ዕድሜውም የገፋ ባለሙያ ይህን ሥራ እንደ ዋና ሥራው አድርጎ መያዙ።

የመጀመሪያው ድራጎን ኩዌስት ሜይ 27 ቀን 1986 ፋሚኮም ለተባለው የኒንቴንዶ የጨዋታ መሣሪያ ወጣ። ታሪኩን ያሰቡት ሆሪይ ዩጂ ናቸው፣ ሥዕሉን የሠሩት ቶሪያማ አኪራ፣ ፕሮግራሙን የጻፉት በሃያዎቹ መጀመሪያ የነበሩት ናካሙራ ኮይቺና ቹንሶፍት የተባለው ቡድናቸው። ሱጊያማን ያመጡት የኤኒክሱ ፕሮዲውሰር ቺዳ ዩኪኖቡ ናቸው። የቹንሶፍት ወጣቶች መጀመሪያ ላይ ደስ አላላቸውም ይባላል፤ አባታቸው የሚሆኑ የዘፈን ደራሲ ስለ ጨዋታ ምን ያውቃሉ ብለው። ሰውየው ግን ጨዋታ ከሚወዱም በላይ የሚወዱ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨዋታ የሰበሰቡ፣ በባክጋሞንም የታወቁ ሰው ነበሩ። ስለ ጨዋታ ሲያወሩ በረዶው ቀለጠ።

የተሰጣቸው ቦታ ጠባብ ነበር። ጠቅላላ ጨዋታው፣ ሥዕሉ፣ ጽሑፉ፣ ሕጉ፣ ካርታውና ሙዚቃው ተደምሮ 64 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚያ ላይ ጨዋታው ተጭኖ በሚሸጥበት ካርትሪጅ ውስጥ የተቀመጠው ሙዚቃ የተቀዳ ድምፅ አይደለም፤ “ይህን ድምፅ፣ ለዚህን ያህል ጊዜ” የሚል የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ድምፁን የሚያወጣው የመሣሪያው ቺፕ ነው። ቺፑ አምስት የድምፅ መስመሮች አሉት፦ ሁለት የአራት ማዕዘን ሞገድ፣ አንድ የሦስት ማዕዘን ሞገድ፣ አንድ የሹክሹክታ ዓይነት ጩኸት፣ አንድ ደግሞ ለአጫጭር የተቀዱ ድምፆች። አራት ማዕዘኖቹ ቀጭንና ሹል ናቸው፣ ዜማ ይሸከማሉ። ሦስት ማዕዘኑ ለስላሳ ነው፤ ከፍና ዝቅ ማድረግ ስለማይቻል ወይ ይሰማል ወይ ይጠፋል፣ ብዙ ጊዜም ባስ ይሆናል። ዜማ ሊጫወቱ የሚችሉት እንግዲህ ሦስት ብቻ ናቸው። ሰይፍ ሲመታ፣ በር ሲከፈት፣ ጽሑፍ ሲታይ የሚሰማው ድምፅም ከእነዚሁ መስመሮች አንዱን ይዋሳል። ሱጊያማ ራሳቸው እንደተናገሩት ለሙዚቃ በአስተማማኝ የሚቀረው ሁለት ድምፅ ነበር።

ሁለት ድምፅ ለዘመኑ ዘፈን ደራሲ ውርደት ይመስላል፤ ከበሮ የለም፣ ጊታር የለም፣ ሙሉ ኮርድ የለም። እሳቸው ግን ባኽ ለአንድ መሣሪያ ብቻ የጻፋቸውን ሥራዎች እያነሱ በሁለት ድምፅ ሙዚቃ አይሠራም የሚለውን ይከራከሩ ነበር። በጨዋታው የንጉሥ ግቢ ውስጥ የሚሰማውን ዜማ በጥሞና ያዳመጠ ሰው አሠራሩን ይይዘዋል። ላይኛው ድምፅ ሲሮጥ ታችኛው በዝግታ ይራመዳል፤ ላይኛው ሲያርፍ ታችኛው ይነሳል። ሁለቱ አንድ ላይ ረጅም ጊዜ አይቆሙም። ታችኛው ድምፅ እየዘለለ የኮርዱን ክፍሎች አንድ በአንድ ስለሚነካ ጆሮ የጎደለውን ሦስተኛ ድምፅ ራሱ ይሞላዋል። ዘይቤው በ1700ዎቹ መጀመሪያ የነበረው የአውሮፓ ቤተ መንግሥት ሙዚቃ ነው። ሱጊያማ ያንን ዘይቤ የመረጡት ግቢ ስለሚመስል ብቻ አይመስለኝም፤ ከሁለት ድምፅ ብዙ ማውጣትን ከሁሉ ይበልጥ የተካነ ዘይቤ እሱ ስለሆነ ነው።

ሜዳ ላይ ሲወጣ ሙዚቃው ይቀየራል። በመጀመሪያው ጨዋታ ጀግናው ብቻውን ነው፤ አጃቢ የለውም፣ በቅሎ የለውም። የሜዳው ዜማም ቀጭንና ብቸኛ ነው፤ ወደ ጀብዱ የሚጣራ አይደለም። እዚያ ዘመን የነበሩ ጨዋታዎች ተጫዋቹን የሚያጣድፍ ምት ሲሰጡ ይህኛው እንዲዘገይ ፈቅዶለታል። ተጫዋቹ በዚህ ሜዳ ላይ ሰዓታት ያጠፋል፤ ጭራቅ ሲገጥመው ዜማው ይቋረጣል፣ ውጊያው ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስለዚህ ከሙዚቃው ሁሉ ይበልጥ የሚሰማው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ነው። የቴሌቪዥን ሰው ይህን ያውቃል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የዋሻው ሙዚቃ ነው። ተጫዋቹ ወደ ዋሻ ሲገባ አጭር፣ ጭንቅ የሚል ዜማ ይጀምራል። አንድ ፎቅ ወደታች ሲወርድ ያው ዜማ ዝቅ ብሎና ቀስ ብሎ ይሰማል። ሌላ ፎቅ ሲወርድ ይበልጥ ይወፍራል፣ ይበልጥ ይዘገያል። ከምድር ሥር በሩቁ የወረደ ሰው መሬቱ ሲከብድበት በጆሮው ይሰማዋል። ለዚህ ሁሉ አንድም ተጨማሪ ኖታ አላስፈለገም፤ ያንኑ የትእዛዝ ዝርዝር በሌላ ፍጥነትና በሌላ ቅጥነት ማጫወት በቂ ነው። ከማሕደረ ትውስታው የሚወስደው ቦታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይህ የሙዚቃ ደራሲና የፕሮግራም ጸሐፊ አብረው ካልተቀመጡ የማይገኝ ብልሃት ነው፤ በኦርኬስትራው አልበም ላይም የለም፣ ምክንያቱም አልበም ፎቅ የለውም።

ስለ መክፈቻው ማርሽ አንድ አፈ ታሪክ አለ፤ በአምስት ደቂቃ ተጻፈ የሚል። ምንጩ ሱጊያማ ራሳቸው ናቸው። በአምስት ደቂቃ እንደመጣላቸው ሲናገሩ ታዲያ እስከዚያች ቀን የኖሩት ዕድሜ ሁሉ ከአምስቱ ደቂቃ ጋር መደመር አለበት ብለው ያክሉ ነበር። አድናቂው የመጀመሪያውን ግማሽ ይዞ ሁለተኛውን ጣለው። ለታሪክ ጸሐፊ ግን ዋጋ ያለው ሁለተኛው ነው። ጥሪ የሚያሰማ የመግቢያ ድምፅ፣ ከዚያ በሁለት እግር የሚራመድ ምት፣ ከዚያ አንዴ ሰምተው ሊያንጎራጉሩት የሚቻል ዜማ፤ ይህ የቴሌቪዥን ፕሮግራም መክፈቻ አሠራር ነው፣ ሰውየው ደግሞ ይህንን ለሩብ ምዕተ ዓመት ሲሠሩ ነው የኖሩት። በዚያው ሰሞን ለቶኪዮና ለናካያማ የፈረስ ውድድር ሜዳዎች የጻፉት የትራምፔት ጥሪ ዛሬም ከትልልቆቹ ውድድሮች በፊት ይነፋል። ማርሹና የፈረሱ ጥሪ ከአንድ እጅ መውጣታቸው አያጠራጥርም።

ሁለተኛው ጨዋታ በጃንዋሪ 1987 ወጣ፤ ቦታው እጥፍ ሆኖ 128 ኪሎባይት ደርሷል። አሁን ጀግናው ጓደኞች አሉት። ሲጀምር ብቻውን ነው፣ የሜዳው ዜማም ሆድ የሚያባባ ነው። ሦስተኛዋ አባል፣ አገሯ የጠፋባት ልዕልት፣ ከተቀላቀለች በኋላ ሜዳው ላይ ሲወጡ ዜማው ተለውጦ ይጠብቃል፤ ፈጠን ያለ፣ ደረቱን የነፋ ዜማ ነው። ማንም በጽሑፍ “አሁን ሙሉ ሆናችኋል” አይልም። ብዙ ጃፓናውያን ተጫዋቾች ከዚህ ጨዋታ የሚያስታውሱት ያችን ቅጽበት ነው።

ሌላም የሚታወስ ነገር አለ፣ እሱ ግን ከብስጭት ጋር። በእነዚያ ካርትሪጆች ላይ ሴቭ ማድረግ አይቻልም ነበር። ተጫዋቹ ሲያቆም ጨዋታው “የትንሣኤ ድግምት” የሚባል የፊደላት ሰንሰለት ይሰጠዋል፤ በመጀመሪያው ጨዋታ 20 ፊደል፣ በሁለተኛው እስከ 52 ድረስ። በማግሥቱ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ድካሙ ሁሉ ገደል ገባ። ሱጊያማ ለዚህ አስጨናቂ ገጽ የሰጡት ሙዚቃ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የዘመኑን የፍቅር ዘፈን። ማኪኖ አና የተባለች ወጣት ዘፋኝ በቃላት ዘፍናው በሸክላም ወጥቷል፤ ጨዋታው ውስጥ ደግሞ በአንዲት ከተማ አና የምትባል ዘፋኝ ትገኛለች፤ ቀርቦ ለሚያነጋግራት ዜማው ይሰማል። የፖፕ ገበያው ሰው እዚህ ምንም ሳይደበቁ ይታያሉ። የሲምፎኒ ትረካውን የሚወዱ ጸሐፊዎች ይህን ዘፈን ዘለው የሚያልፉት ለዚህ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ጨዋታ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1988 ዕለተ ረቡዕ ወጣ። ከየሱቁ ፊት ረጅም ሰልፍ ተሰለፈ፣ ከትምህርት ቤት የቀሩ ልጆች በፖሊስ ተያዙ፣ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቅጂ እንደተሸጠ ተዘገበ። የጃፓን ፓርላማ ድራጎን ኩዌስት በሥራ ቀን እንዳይወጣ ሕግ አወጣ የሚለው በመላው ዓለም የሚደጋገመው ወሬ ግን መሠረት የለውም፤ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ቀጣዮቹ ጨዋታዎች በዕረፍት ቀን መውጣታቸው እውነት ነው፤ ያንን ያደረገው ግን አሳታሚው በገዛ ፈቃዱ ነው።

የዚህ ጨዋታ መክፈቻ ገጽ በሙዚቃው ታሪክ ውስጥ የተለየ ቦታ አለው። ካርትሪጁ 256 ኪሎባይት ይይዛል፤ ሆሪይና ናካሙራ ግን ዓለሙን እጅግ አስፍተውት ስለነበር እሱም አልበቃም። አንድ ነገር መቀነስ ነበረበት። የተቀነሰው የመክፈቻው ማርሽ ነው። መሣሪያውን የከፈተ ሰው የሚያየው ጥቁር መደብ ላይ የጨዋታውን ስም ብቻ ነው፣ ድምፅ የለም። በሁለት ዓመት ውስጥ በመላ አገሪቱ የታወቀ ዜማ በሦስተኛው ጊዜ በሩ ላይ የለም።

በጨዋታው ውስጥ የተደረገው ደግሞ ይህን ጉድለት የሚክስ ነው። ተጫዋቹ ሰፊውን ዓለም አዳርሶ፣ ዋናውን ጠላት ገድሎ፣ ጨዋታው አበቃ ሲል ከምድር በታች ሌላ ጨለማ ዓለም እንዳለ ይነገረዋል። ወደዚያ ሲወርድ ሜዳው ላይ የሚቀበለው ዜማ የመጀመሪያው ጨዋታ የብቸኛው ጀግና ዜማ ነው። ያንን ጨዋታ ከሁለት ዓመት በፊት የተጫወተ ልጅ የት እንዳለ የሚነግረው ካርታ አላስፈለገውም፤ ይህ የድሮው አገር ነው፣ ታሪኩም ከድሮው የሚቀድም ነው። በጽሑፍ ቢነገር ብዙ ገጽ የሚፈጅ ነገር በጥቂት ሰከንዶች ዜማ ተነገረ። ሙዚቃ የትረካ መረጃ የሚሸከምበት እንዲህ ያለ አሠራር በኦፔራ የቆየ ነው፤ እዚህ ግን ሰሚው ዜማውን ያወቀው በአዳራሽ ተቀምጦ ሳይሆን ለሳምንታት በእግሩ ሲጓዝበት ነው።

አዳራሹስ? የመጀመሪያው ጨዋታ በወጣበት ዓመት ሱጊያማ ስምንቱን ዋና ዜማዎች ለክር መሣሪያዎች ቡድን አስፍተው ጽፈው በአልበም አሳተሙ። ኦገስት 20 ቀን 1987 ደግሞ ከተከፈተ ዓመት ባልሞላው የሰንቶሪ አዳራሽ የሁለቱን ጨዋታዎች ሙዚቃ ራሳቸው እየመሩ አቀረቡ። በታሪክ የመጀመሪያው የቪዲዮ ጌም ሙዚቃ ኮንሰርት ተብሎ የሚቆጠረው ይህ ነው። ዝግጅቱ የቤተሰብ ክላሲካል ኮንሰርት የሚል ስም ነበረው፤ የታለመው ልጆችና ወላጆቻቸው ላይ ነው። ሱጊያማ ዓላማቸውን አልሸሸጉም። ልጆቹ የሚወዱትን ዜማ ይዘው ገብተው ቫዮሊንና ሆርን ምን እንደሆነ አውቀው እንዲወጡ ይፈልጉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮንሰርቱ የየዓመቱ ልማድ ሆነ። ከ1991 ጀምሮም የሌሎች ኩባንያዎች ሙዚቃ ደራሲዎች የተሳተፉባቸው የኦርኬስትራ ኮንሰርቶች እሳቸው ባሉበት ተዘጋጁ። በ1995 ስታር ዳንሰርስ የተባለው የባሌ ዳንስ ቡድን ድራጎን ኩዌስትን መድረክ ላይ አወጣው። ከጃፓን ውጭ የመጀመሪያው የጨዋታ ሙዚቃ ሲምፎኒ ኮንሰርት በጀርመን ላይፕሲግ የተደረገው በ2003 ነው፤ ቀኑ በአጋጣሚ ያው ኦገስት 20 ነበር።

የቀሩትን ጨዋታዎች አንድ በአንድ መቁጠር አያስፈልግም። አራተኛው በ1990 ሲወጣ በምዕራፍ ተከፋፍሎ ስለነበር ለእያንዳንዱ ባለታሪክ የራሱ የመንገድ ዜማ ተሰጠው፤ ለልዕልቷ ማርሽ፣ ለነጋዴው ከእግሩ ጋር የሚጎተት አስቂኝ ዜማ። አምስተኛው በ1992 ስምንት የድምፅ መስመር ወዳለው ሱፐር ፋሚኮም ሲሻገር የሁለት ድምፅ ዘመን አበቃ። በእኔ ጆሮ ከዚያ ወዲህ ያለው ሙዚቃ የበለጠ ሀብታም እንጂ የበለጠ ብልህ አይደለም። በ2004 በጃፓን የወጣው ስምንተኛው ጨዋታ በሲንተሳይዘር ድምፅ ሲሸጥ በማግሥቱ ዓመት አሜሪካ የወጣው ኦርኬስትራ ይዞ ወጣ። በ2017 አሥራ አንደኛው እንደገና በሲንተሳይዘር ሲመጣ ብዙ ተጫዋች አጉረመረመ፤ በ2019 በወጣው የተስፋፋ ቅጂ ኦርኬስትራው ገባ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሰሚው ፍላጎት ተገልብጧል፤ መጀመሪያ ኦርኬስትራው የካርትሪጁ ቅጂ ነበር፣ አሁን ካርትሪጁ የኦርኬስትራው ጉድለት ሆኖ ይሰማል።

ጁላይ 23 ቀን 2021 የቶኪዮ ኦሎምፒክ ሲከፈት ስታዲየሙ ከኮሮና ወረርሽኝ የተነሳ ተመልካች አልነበረውም። የአገሮች ሰልፍ ሲጀምር የተሰማው የመጀመሪያው ሙዚቃ የ1986ቱ ማርሽ ነው። ግሪክ በዚያ ገባች። ከዚያ ከፋይናል ፋንታሲ፣ ከሞንስተር ሃንተር፣ ከክሮኖ ትሪገርና ከሌሎችም ጨዋታዎች የተወሰዱ ዜማዎች እየተፈራረቁ በጠቅላላው 19 ሥራዎች ተሰሙ። ሰልፉ በጃፓን ፊደል ተራ ስለነበር የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ በኤስዋቲኒና በኤርትራ መካከል፣ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ገብቷል። አገር ቤት ሆኖ በቴሌቪዥን ይመለከት የነበረ ሰው የጨዋታ ሙዚቃ እየሰማ መሆኑን ላያውቅ ይችላል።

ያ ምርጫ ያለ ወቀሳ አላለፈም። ሱጊያማ የታወቁ ብሔርተኛ ነበሩ። በ2007 ዋሺንግተን ፖስት ላይ በወጣ ማስታወቂያ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለጃፓን ጦር የወሲብ ባርነት የተዳረጉ ሴቶች በጦሩ ተገደው አልነበረም የሚለውን አቋም ደግፈው ፈርመዋል፤ የታሪክ ሰነድና የተጎጂዎቹ ምስክርነት ግን ይህን ክህደት አይቀበለውም። በ2015 በተላለፈ ፕሮግራም ላይ ደግሞ ስለ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ከአንዲት ፖለቲከኛ ጋር ሆነው የሰነዘሩት አስተያየት ብዙዎችን አስቆጥቷል። በዚያው የኦሎምፒክ ሳምንት ከሙዚቃ አዘጋጆቹ አንዱ በድሮ የትምህርት ቤት ጭካኔው ምክንያት ሥራውን ለቅቋል፣ የመክፈቻው ዳይሬክተር በድሮ ቀልዱ ምክንያት በዋዜማው ተባርሯል። የሱጊያማ ማርሽ ግን ተሰማ። አዘጋጆቹ ስለ ልዩነቱ የሰጡትን ማብራሪያ አላገኘሁም። ለሙዚቃው ያላቸውን ፍቅር የሚገልጹ ብዙ መጻሕፍትና መጽሔቶች ይህን ምዕራፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል ወይም ጭራሽ አያነሱትም። የሰውየውን ዜማ በቁም ነገር የሚያጠና ሰው ግን ፊርማቸውንም በቁም ነገር ሊይዘው ይገባል።

ሱጊያማ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 በ90 ዓመታቸው አረፉ። ዜናው በሳምንቱ ሲነገር ኩባንያው የመጨረሻ ሥራቸው በዚያው ዓመት በሜይ ይፋ ለተደረገው ለአሥራ ሁለተኛው ድራጎን ኩዌስት የጻፉት ሙዚቃ እንደሚሆን ገለጸ። ከዚያ በፊት በ2016 ጊነስ በዓለም በዕድሜ የገፉ የጨዋታ ሙዚቃ ደራሲ ብሎ መዝግቧቸው ነበር፤ በ2020 የጃፓን መንግሥት ለባህል ባለውለታዎች የሚሰጠውን ማዕረግ ሰጥቷቸዋል።

የሦስተኛው ጨዋታ አዲስ ቅጂ በኖቬምበር 2024 ሲወጣ ሙዚቃው በቶኪዮ ሜትሮፖሊታን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የተቀረጸው ነው። ዛሬ ጨዋታውን በዚህ ቅጂ የሚተዋወቅ ሰው በ1988 ገጹ ለምን ጸጥ ብሎ እንደነበር አያውቅም፤ የሚጠቁመው ነገርም የለም። የመጀመሪያዎቹን ድምፆች ማጥናት የፈለገ ሰው ከአልበሙ ይልቅ ካርትሪጁን ፈልጎ ማግኘት፣ የሚሠራ ፋሚኮም ላይ መሰካት፣ ከዚያም ሰይፉ በመታ ቁጥር የትኛው ድምፅ እንደሚቋረጥ ጆሮ ሰጥቶ መቁጠር ይኖርበታል።